ቤት ውስጥ ይዘምራሉ፣ ምእመናን ፊት ሲቆሙ ድምፃቸው ይጠፋል

ጥያቄ፦ የቤተ ክርስቲያናችንን ሕፃናት መዘምራን አስጠናለሁ። ከ6 እስከ 12 ዓመት የሆኑ 18 ልጆች አሉኝ። በጥናት ክፍል ደህና ይዘምራሉ። ምእመናን ፊት ሲቆሙ ግን ከሁለት ሦስቱ በቀር የሌሎቹ ከንፈር ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። «ጮክ በሉ» ስላቸው ጥቂቶቹ ይጮኻሉ፣ ዜማው ይበላሻል፣ የቀሩት ጭራሽ ዝም ይላሉ። በተለይ አንዲት የ8 ዓመት ልጅ አለች። እናቷ ቤት ውስጥ ስትዘምር እንደምትውል ትነግረኛለች፣ እኛ ዘንድ ግን ድምፅዋን ሰምቼው አላውቅም። ከ8 ሳምንት በኋላ በእሑድ አገልግሎት ላይ ሁለት መዝሙር ያቀርባሉ። ሳላስጨንቃቸው አፋቸውን ሞልተው እንዲዘምሩ ምን ላድርግ? ልጅቷንስ በዚያ ቀን ላቁማት ወይስ ልተዋት?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በመጀመሪያ «ጮክ በሉ» የሚለውን ከጥናት ክፍሉ ያውጡት። ልጅ ድምፁን የሚውጠው ጉልበት አንሶት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ከአራት ነገሮች አንዱ ጎድሎበት ነው፦ ዜማው ከድምፁ በታች ወርዶበታል፣ ግጥሙን አጥርቶ አልያዘውም፣ መቼ እንደሚገባ እርግጠኛ አይደለም፣ ወይም አጠገቡ የሚደገፍበት ድምፅ የለም። ልጁ ይህን ለይቶ መናገር ስለማይችል «አፈርኩ» ይላል፤ ትልልቆቹም «ዓይን አፋር ነው» ብለው ይደመድማሉ። የጎደለው ሲሟላለት ግን ድምፁ ሳይጎተት ይወጣል። ሁሉ ተሟልቶላትም የማትዘምር ልጅ ትኖራለች፤ የእርስዎ የ8 ዓመት ልጅ ከነዚያ ወገን ትመስላለችና ስለ እሷ ለብቻው እንጽፋለን።

«ጮክ በሉ» ሲባሉ ልጆቹን ልብ ብለው ይዩአቸው። አገጫቸው ወደ ላይ ይነሣል፣ የአንገታቸው ሥር ይገተራል፣ ትከሻቸው ወደ ጆሯቸው ይወጣል። በዚህ አኳኋን የሚወጣው ድምፅ ሜዳ ላይ ጓደኛ የሚጠሩበት ድምፅ ነው። የንግግር ድምፃቸውን በጉልበት ወደ ላይ እየገፉት ስለሆነ ዜማው ከፍ የሚልበት ቦታ ሲደርሱ ወይ ይሰነጠቃል ወይ ከዜማው ይወጣል። ጆሮው ንቁ የሆነ ልጅ መበላሸቱን ቀድሞ ይሰማል፤ ጥፋቱ የእሱ እየመሰለውም አፉን ይዘጋል። ስለዚህ ጮክ ማስባሉ የሚያሳጣዎት ደህና መዘመር የሚችሉትን ልጆች ጭምር ነው።

ሥራው ከቶኑ፣ ማለትም መዝሙሩ ከሚዘመርበት የድምፅ ከፍታ፣ ይጀምር። የሕፃናት መዘምራን ዝም የሚሉበት፣ ግን ማንም የማይጠረጥረው ትልቁ ምክንያት መዝሙሩ በትልልቅ ሰዎች ቶን መሰጠቱ ነው። ከ6 እስከ 8 ዓመት ላለ ልጅ የሚመቸው በኪቦርዱ መሃል ካለችው ዶ አጠገብ ከምትገኘው ሬ እስከ ላ ያለው ነው፤ አምስት ነጭ ቁልፎች ማለት ነው። ከ9 እስከ 12 ያሉት ከመሃል ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ፣ ሲለማመዱም አንድ ድምፅ አልፈው እስከ ሬ ይደርሳሉ። አዋቂ ሴት ወይም ወንድ ዘና ብሎ የሚዘምርበት ቶን ግን ብዙ ጊዜ ከመሃል ዶ በታች ይወርዳል። ልጁ እዚያ ታች ድምፅ የለውም። ቃሉን በሹክሹክታ ብሎ ያልፈዋል፤ ያንን ነው ዓይን አፋርነት ብለን የምንጠራው።

ሁለቱን መዝሙሮች ይውሰዱና ከእያንዳንዳቸው ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ድምፅ በኪቦርድ ፈልገው ይያዙ። ዝቅተኛው ከመሃል ዶ በታች ከወረደ መዝሙሩን ከፍ ያድርጉት። ትራንስፖዝ የሚለው ቁልፍ በአንድ ጭነት ግማሽ ድምፅ፣ ማለትም ጥቁሩንም ቆጥሮ አንድ ቁልፍ ያህል፣ ያነሣል፤ በአዋቂ ቶን የተለመደ መዝሙር ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ጭነት ይፈልጋል። ሲያነሡት ከፍተኛው ድምፅ ከላይኛው ሬ የሚያልፍ ከሆነ ያ መዝሙር ለእነዚህ ልጆች ሰፊ ነው። ወይ ይለውጡት፣ ወይ ከፍ የሚለውን ስንኝ ለትልልቆቹ ብቻ ይስጡና ትንንሾቹ በአዝማቹ ይግቡ። ትክክል መሆንዎን ለማወቅ የልጆቹን አገጭ ይመልከቱ። ዜማው ሲወርድ አገጭ ደረት ውስጥ ከተቀበረ ቶኑ ዝቅ ብሏል፤ ሲወጣ አገጭ ወደ ላይ ከተነሣ ከፍ ብሏል።

ዜማውን የሚያወጣው ወንድ ከሆነ ሌላ ችግር አለ። የወንድ ድምፅ ከልጆቹ አንድ ኦክታቭ (ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለውን ያህል) ዝቅ ያለ ነው፤ ትልልቆቹ ይህን በጆሯቸው አስተካክለው ይቀበሉታል፣ የ6 እና የ7 ዓመት ልጆች ግን የሰሙትን ድምፅ እዚያው ታች ፍለጋ ይገባሉና ማጉረምረም ይሆንባቸዋል። ከትልልቆቹ ልጆች ዜማዋ የተስተካከለ አንዷን አስቀድመው ያሰሟቸው። ልጅ የልጅን ድምፅ ለመከተል ይቀለዋል።

ቀጥሎ የድምፁ ዓይነት ነው። ልጆች ሁለት ድምፅ አላቸው፤ አንዱ የሚያወሩበትና የሚጯጯሁበት ወፍራሙ፣ ሌላው ቀላልና ቀጭን የሆነው ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሩቅ የሚደርሰው ሁለተኛው ነው። ብዙዎቹ እንዳላቸው እንኳ አያውቁም። በየጥናቱ መጀመሪያ ለ2 ወይም ለ3 ደቂቃ «ሁ» በሚል ድምፅ ከላይ ከቀጭኑ ጀምረው ወደ ታች እያንሸራተቱ እንዲወርዱ ያድርጉ። ከላይ ወደ ታች መሆኑን አይርሱ። ከታች ሲጀምሩ ወፍራሙን ድምፅ ተሸክመውት ይወጣሉ። ከዚያ የመዝሙሩን የመጀመሪያ ስንኝ ያለ ቃል፣ «ኑ» እያሉ ብቻ ያዚሙት፤ በመጨረሻ ቃሉን ይመልሱ። ዓይን አፋሮቹ በዚህ ጊዜ ደፍረው ይገባሉ፤ ቃል ስለሌለ የሚሳሳቱት ነገር የለምና።

ስለ ትንፋሽ ብዙ አንልም። «በደንብ ተንፍሱ» አይበሏቸው፤ ትከሻቸውን ሰቅለው ደረታቸውን ይቆልፋሉ። እጃቸውን ከእምብርት በላይ አስይዘው እጅ ወደ ውጭ ሲገፋ እንዲሰማቸው ያድርጉ፣ ከዚያ «ስስስ» እያሉ በቀስታ እስከ 8 ይቁጠሩ፤ በቀጣዩ ሳምንት እስከ 12። ዋናው ሥራ መዝሙሩ ውስጥ ነው፤ በየስንኙ የት እንደሚተነፍሱ እርስዎ ይወስኑና ሁሌ እዚያው ላይ ያስተንፍሷቸው። ቦታው ካልተወሰነ ልጆቹ ቃል መሃል ላይ ያልቅባቸዋል፤ የስንኙ መጨረሻ የሚሞተውም በዚህ ነው።

አሁን ወደ ግጥሙ እንሂድ። ልጅ ግጥሙን ያውቀዋል የሚባለው አስጠኚው ዝም ብሎ እሱ ሲዘምረው ነው። በጥናት ክፍል ደህና ይዘምራሉ ብለውናል፤ አንድ ነገር እንጠይቅዎት፣ ያኔ እርስዎም አብረው ይዘምራሉ? ከሆነ የሚሰሙት በከፊል የራስዎን ድምፅ ነው። ልጆቹ በእርስዎ ድምፅ ላይ ተደግፈው ግማሽ ቃል ወደ ኋላ እየቀሩ ይከተሉዎታል። በእሑዱ አገልግሎት ከፊታቸው ቆመው ከንፈርዎን ብቻ ሲያንቀሳቅሱ ድጋፉ ይወሰድባቸዋል፤ ድምፃቸውም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እያወጡ ያስቀብሏቸው። አንድ ስንኝ ያዚሙ፣ አፍዎን ይዝጉ፣ ይስሙ። ሲቀበሉ አብረው አይግቡ። የተበላሸችውን ቃል ብቻ ነጥለው ሁለት ጊዜ ያስቀብሉና ወደ ስንኙ ይመልሷት። ከመጨረሻው ስንኝ ጀምሮ ወደ ኋላ ማስጠናትም ጠቃሚ ነው። መዝሙሩን ሲዘምሩ ከማያውቁት ወደሚያውቁት እየሄዱ ስለሚሆን ወደ መጨረሻው ሲቃረቡ ልብ ልብ ያገኛሉ። ሁሌ ከመጀመሪያው ሲጀመር የመጀመሪያው ቤት ይደምቃል፣ ሦስተኛው ቤት ላይ ድምፅ ይሟሽሻል።

ትርጉሙን የማያውቁት ቃል ካለ ያስረዷቸው። ልጅ ያልገባውን ቃል ያድበሰብሰዋል፤ ሲያድበሰብስ ደግሞ የሚቀጥለውንም ቃል ይዞት ይሄዳል። የሚዘምሩት ለማን እንደሆነና ቃሉ ምን እንደሚል የገባው ልጅ ምስጋና ማቅረቡን ያውቃል፤ እየተፈተነ ያለ አይመስለውም። ይህንን በስብከት ሳይሆን በጥያቄ ያድርጉት፦ «ይህን ስንኝ ለእናትህ በራስህ አነጋገር ብትነግራት ምን ትላለህ?»

ጥናቱን ከ7 ዓመት በታች ላሉት ከ20 እስከ 25 ደቂቃ፣ ለትልልቆቹ ከ40 ደቂቃ አያስበልጡት። አብረው የሚያጠኑ ከሆነ ትንንሾቹን ቀድመው ያሰናብቷቸው። የደከመ ልጅ ይቀባጥራል ወይም ይፈዛል፤ ሁለቱንም አስጠኚው እንደ ሥነ ምግባር ጉድለት ያየውና ይቆጣል፤ ከቁጣው በኋላ ዓይን አፋሮቹ ሌላ ሁለት ሳምንት ይዘጋሉ።

የቡድኑ መጠንም ደፋርነትን ይወስናል። በ18 ልጅ መሃል ዝም ማለት ቀላል ነው፤ ብቻ መዘመር ደግሞ ያስፈራል። በመካከሉ ብዙ ደረጃ አለ። በሁለተኛው ሳምንት ስድስት ስድስት አድርገው ይክፈሏቸውና ስንኞቹን ይከፋፈሉ፤ በአራተኛው ሳምንት ሦስት ሦስት ይሁኑ። ከዚያ በታች አይውረዱ። አንድ በአንድ እያስነሡ ማዘመር ማን ዜማ እንደሳተ ለመለየት ያመች ይሆናል፣ ሆኖም አንዱ ሲስት የሚሳቀው ሳቅ የተከፈተውን ሁሉ ይዘጋል። ስሕተት መፈለግ ከፈለጉ ሦስቱ ሲዘምሩ በጀርባቸው በኩል ይለፉና ይስሙ። ሳቅን በተመለከተ ደግሞ ጠንካራ ይሁኑ፤ በሌላው ድምፅ የሳቀ ልጅ በጸጥታ፣ ለብቻው ይነገረው፣ በዚያው ቀን።

ሲያጠኑ ክብ ሠርተው ፊት ለፊት እየተያዩ ይቁሙ፤ አንዱ የሌላውን ድምፅ ይሰማል። ከአምስተኛው ሳምንት ጀምሮ ወደ ግማሽ ክብ፣ ከዚያም አገልግሎቱን ወደሚሰጡበት አቋቋም ይለውጡት። አቋቋሙ ላይ ጊዜ ይውሰዱ። ዜማ የማይስቱ አራት አምስት ልጆች ይኖሩዎታል። አንድ ላይ አያቁሟቸው፣ ይበትኗቸው፤ አብዛኞቹ በሁለተኛው ረድፍ ይሁኑ። ከኋላ የሚመጣው ድምፅ የፊተኞቹ ጆሮ ላይ ያርፋልና ይከተሉታል። ዝምተኞቹን በረድፉ ጫፍ አያቁሙ፤ ጫፍ ላይ ያለ ልጅ ግማሽ ጎኑ ባዶ ነው። በልጆቹ መካከል አንድ ስንዝር ያህል ይበቃል። ለመልክ ተብሎ ሲራራቁ እያንዳንዱ ብቻውን የሚዘምር ይመስለዋል።

ከሁሉ በላይ የምንመክርዎት በአምስተኛው ሳምንት ጥናቱን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ማስገባት ነው። ትንሽ ክፍል ውስጥ የልጅ ድምፅ ግድግዳ ላይ አርፎ ወዲያው ወደ ጆሮው ይመለሳል። ትልቅ አዳራሽ ውስጥ አይመለስም፣ ወይም ዘግይቶ ተደባልቆ ይመለሳል። ልጁ ራሱን መስማት ሲያቅተው ድምፁ የጠፋ ይመስለዋል፤ በእሑዱ ዕለት ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ካገኘው ዝም ይላል። አስቀድመው ይንገሩትና ያሳዩት። በመጀመሪያ ሁሉም አንድ ጊዜ እንዲያጨበጭቡና ድምፁ እስኪጠፋ እንዲያዳምጡ ያድርጉ። ቀጥሎ ግማሾቹን መጨረሻው መቀመጫ ላይ ያስቀምጡ፣ ግማሾቹ ከፊት ቆመው አንድ ቤት ይዘምሩ። ተቀማጮቹ የሚጠየቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ «የትኛው ቃል ደረሳችሁ?» የደረሳቸውን ቃል ይናገራሉ። ከዚያ ቦታ ይለዋወጣሉ።

ይህ ልምምድ «ጮክ በሉ»ን ሙሉ በሙሉ ይተካል። ከፊት የቆመው ልጅ ጉሮሮውን ከማስጨነቅ ይልቅ ቃሉን ወደ አንድ ጓደኛው ለማድረስ ይሞክራል፤ አፉ ይከፈታል፣ ተነባቢዎቹ ይጠራሉ፣ ዓይኑም ይነሣል። ብዙ ጊዜ የማይደርሰው የቃሉ መጨረሻ ነው። ያንን ሲያገኙ «መጨረሻዋን ፊደል አስረክቡ» ብለው ያንኑ ስንኝ ይድገሙት። አዳራሹ የሚያስተጋባ ከሆነ መዝሙሩን ትንሽ ዝግ ያድርጉት፤ ካልሆነ አንዱ ቃል በሌላው ላይ ይወጣል። አዳራሹ በሰው ሲሞላ ማስተጋባቱ እንደሚቀንስም ይወቁ፤ ልብስና ሰውነት ድምፅ ይውጣሉ።

በስድስተኛው ሳምንት መሣሪያ ይጨመር። እዚህ ላይ ከሙዚቀኞቹ ጋር በግልጽ ይነጋገሩ። ልጆቹ ከሚሰሙት መሣሪያ በላይ ለመሆን ከታገሉ ወደ ጩኸቱ ይመለሳሉ። ኪቦርዱ ዜማውን በአንድ ጣት ይከተል፣ ምት መቺው ከአዝማቹ በፊት አይግባ። የተቀዳ ማጀቢያ የሚጠቀሙ ከሆነ ከባድ ጉድለት አለው፦ ልጆቹ ሲዘገዩ አይጠብቃቸውም። የሚመታ ሰው ካለ እሱን ይምረጡ።

መግቢያውን በተመለከተ በጣም እንጠንቀቅ፤ በዕለቱ የሚበላሽ ነገር ካለ እዚህ ነው። መሣሪያው መግቢያውን ይጫወታል፣ ልጆቹ እርስ በርስ ይተያያሉ፣ ማንም የመጀመሪያው መሆን ስለማይፈልግ የመጀመሪያው ስንኝ በሁለት ልጅ ድምፅ ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ መዝሙሩ በቀላሉ አይነሣም። መግቢያው አጭር ይሁን፣ ስምንት ምት ይበቃል፤ መጨረሻው ላይ ልጆቹ የሚጀምሩበት ድምፅ ጎልቶ ይሰማ። እጅዎ በሰባተኛው ምት ከፍ ይበል፣ በስምንተኛው እርስዎ ራስዎ አፍዎን ከፍተው በሚታይ ሁኔታ ይተንፍሱ፣ ልጆቹም አብረው ይተንፍሱ፣ ቀጥሎ ይግቡ። አብሮ የተነፈሰ ቡድን አብሮ ይገባል። ይህችን መግቢያ ብቻ፣ መዝሙሩን ሳይጨርሱ፣ በየጥናቱ አምስት ስድስት ጊዜ ይደጋግሟት። ባልጠበቁት ሰዓት ቢያስጀምሯቸውም መግባት እስኪችሉ ድረስ።

ማይክ ሌላው ፈተና ነው። አንድ ማይክ ለአንድ ልጅ ሰጥተው ሌሎቹ ከጀርባ ሲዘምሩ የሚሰማው የአንዱ ልጅ ድምፅ ነው፤ ልጁ ይደነግጣል፣ ሌሎቹም «የእኛ አያስፈልግም» ብለው ይተዉታል። የሚቻል ከሆነ ሁለት ማይክ በማቆሚያ ላይ፣ ከፊተኛው ረድፍ ከ60 እስከ 90 ሳንቲሜትር ርቆ፣ ከፊተኞቹ ራስ በትንሹ ከፍ ብሎ ወደ ኋለኛው ረድፍ አፍ ያነጣጠረ ይሁን። በሁለቱ ማይክ መካከል ያለው ርቀት ከማይኩ እስከ ልጆቹ ያለውን ቢያንስ ሦስት እጥፍ ይሁን፤ ከተቀራረቡ ድምፁ ይቦረቦራል። ስፒከሩ ከማይኮቹ ይልቅ ወደ ሕዝቡ ቀርቦ ፊቱን ወደ ሕዝቡ ያዙር እንጂ ከልጆቹ ኋላ ሆኖ ወደ ማይኮቹ አይዙር፤ የሚያፏጨው በዚህ ነው። ማፏጨቱ ልጆችን እጅግ ስለሚያስደነግጥ የድምፁን መሣሪያ የሚይዘው ሰው በሰባተኛው ሳምንት ጥናት ላይ ይገኝና ልኩን ያስተካክል። ብቻውን ስንኝ የሚያወጣ ልጅ ካለ ማይኩን ከአፉ 5 ሳንቲሜትር ያህል ይያዝ፣ የወንፊቱን ጭንቅላት በእጁ አይሸፍን።

በዚያው በሰባተኛው ሳምንት ጥቂት አድማጮች ይጋብዙ፤ አምስት ወይም ስድስት ትልልቅ ሰዎች፣ ፈገግ ብለው የሚሰሙ። በስምንተኛው ሳምንት አዲስ ነገር አይጨምሩ። ልብሱን፣ መውጫና መግቢያውን፣ የት እንደሚቆሙ ያስጠኑ። በዕለቱ ከ30 ደቂቃ በፊት ይምጡ፣ ውኃ ይጠጡ፣ «ሁ» እያሉ ድምፃቸውን ይቀስቅሱ፣ መዝሙሩን ሙሉውን ግን አይዘምሩት፤ መግቢያዎቹን ብቻ። ዓይናቸው እርስዎ ላይ ይሁን። ሕዝቡን እንዲያዩ አያስገድዱ፤ የሚያውቁት ፊት ይበቃቸዋል። እርስዎም በደንብ የሚታዩበት ቦታ ይቁሙ እንጂ ሥነ ሥርዓቱ ይታወካል ብለው ምሰሶ ጥግ አይሸሸጉ።

ለወላጆች ሁለት ነገር ይንገሩ። አንደኛ፣ ከፊት መጥተው በስልክ አይቅረጹ፤ ልጁ የእናቱን ስልክ ሲያይ መዝሙሩን ትቶ ስለ መልኩ ያስባል። አንድ ሰው ከጀርባ በኩል ለሁሉም ይቅረጽ። ሁለተኛ፣ ቤት ውስጥ እንግዳ በመጣ ቁጥር «እስቲ ያንን መዝሙር አሰማቸው» አይበሉ። በፍቅር የሚደረግ ነው፣ ግን ዝምተኛ ልጅ ከዚያ የሚማረው መዘመር ማለት መታየት መሆኑን ነው። ከልጁ ጋር ምግብ ሲያዘጋጁ ወይም መንገድ ሲሄዱ አብረው ቢያዜሙት ከዚያ ሁሉ ይበልጣል።

አሁን ወደ 8 ዓመቷ ልጅ። ቤት የምትዘምር ከሆነ ዜማውም ድምፁም አላት፤ የሚያስቸግራት ቦታውና ሰዉ ነው። ስለዚህ ቦታውንና ሰዉን ጥቂት በጥቂት ይለውጡላት፤ በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ። እናቷን ያማክሩና ከመዘምራኑ ልጆች የምትወዳት አንዷ ቤቷ ሄዳ አብራት ትዘምር። ሲለመድላት ሁለቱ ሌላ ሰው በሌለበት የጥናት ክፍሉ ውስጥ ይዘምሩ፣ እናቷም በሩ አጠገብ ትቀመጥ። ቀጥሎ እርስዎ ክፍሉ ውስጥ ይግቡ፤ ፊትዎን ወደ ሌላ አዙረው ወረቀት ያስተካክሉ፣ ሌላ ሥራ ይሥሩ። ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማዎት ዞር አይበሉ! ይህ ከባድ ነው፣ ደስታው ያስቸኩላል፤ ግን ዞር ያሉ እንደሆነ ድምፁ ይመለስና ለሳምንታት ላይወጣ ይችላል። ከዚያ በኋላ ሦስተኛ ልጅ፣ ቀጥሎ ስድስት፣ ቀጥሎ ሁሉም። እያንዳንዱ እርምጃ ሁለት ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ ቀላል እስኪሆንላት ድረስ ወደ ቀጣዩ አይለፉ፤ ሸምቀቅ ካለች ወደ ቀደመው ይመለሱ።

በጥናት ላይ ከንፈሯን ብቻ ብታንቀሳቅስ አይናገሯት፤ እየተማረች ነው። ሌሎች ልጆች «እሷ እኮ አትዘምርም» ሲሉ «እየሰማች ነው፣ ስትዘጋጅ ትዘምራለች» ይበሉና ወደ ሥራዎ ይመለሱ። «ዓይን አፋሯ» የሚለው ስም ከአፍዎ አይውጣ፤ ልጅ የተጠራችበትን ሆና ትቀራለች። ሲያመሰግኗትም ሰው ፊት አይሁን፣ ደግሞ ጥርት ያለ ይሁን፤ «ጎበዝ» ከማለት «ሁለተኛው ቤት ላይ ትንፋሽሽን ጠብቀሽ ጨረስሽው» ማለት ይሻላል።

ከእናቷ አንድ ሌላ ነገር ይጠይቁ። ልጅቷ ከቤት ውጭ ትናገራለች? ቤት ውስጥ እንደ ልቧ እያወራች ትምህርት ቤትም ቤተ ክርስቲያንም ጨርሶ አንደበቷ የማይፈታ ከሆነ፣ ይህም ከአንድ ወር በላይ ከቆየ፣ ነገሩ ከመዝሙር በላይ ነው። እልኸኝነት ወይም ያስተዳደግ ጉድለት አይደለም፤ በሕፃናት ላይ የሚታወቅ የጭንቀት ዓይነት ነው፣ በጊዜ ከተያዘም ይሻሻላል። የሕፃናት የአእምሮ ጤና ወይም የንግግር ባለሙያ ይያት። ዜማ የሚስትና ሲጠሩት ቶሎ የማይሰማ ልጅ ካለዎት ደግሞ ጆሮው ይመርመር። ድምፁ ሻክሮ ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየበትን ልጅ ሐኪም ሳያየው አያዘምሩት።

ከ12 ዓመቶቹ ወንዶች አንዱ በድንገት ድምፁ እየተሰበረ ዝም ቢል አይገረሙ፤ ድምፁ እየተለወጠ ነው። ምቾት በሚሰጡት ጥቂት ድምፆች ብቻ ይዘምር፣ ከፍ ያለውን ይለፈው። ይህንንም ለብቻው ያስረዱት።

ልጅቷን ላቁማት ወይስ ልተዋት ላሉት ደግሞ፣ ውሳኔውን በሰባተኛው ሳምንት ለራሷ ይስጧት። ምርጫው ሁለት ብቻ ይሁን፤ በሁለተኛው ረድፍ ከጓደኛዋ ጎን መቆም፣ አለዚያም ከፊት መቀመጫ ላይ ከእናቷ ጋር ተቀምጣ መስማት። ከቆመች መዘመር ግዴታዋ እንዳልሆነ ይንገሯት፤ ብቻዋን የምታወጣው ስንኝም አይስጧት። ከተቀመጠች «ምነው» የሚላት ሰው እንዳይኖር ለእናቷም ለልጆቹም አስቀድመው ይንገሩ። በሁለቱም መንገድ በሚቀጥለው ጥናት ከጓደኛዋ ጋር ከደረሱበት እርምጃ ይቀጥሉ፤ ከመጀመሪያው አይጀምሩት።